ከአሥር የሚጀምረው ሜትር

ኩሽናዬ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የማይገጥም ካቢኔት አለ። ባሌ ሦስት ጊዜ እንጣለው ብሎኝ ሦስቴም ተኳርፈናል። አይገጥምም ስል ተንጋደደ ማለቴ አይደለም፤ እንደሱ ቀጥ ያለ ነገር በዚህ ቤት ውስጥ የለም፣ ባሌንም ጨምሮ። በሮቹ ሲዘጉ ድምፅ የላቸውም። መሳቢያዎቹን በአንድ ጣት ገፋ ካደረጓቸው እስከ መጨረሻው ሄደው በራሳቸው ይቆማሉ። የሠራው አባቴ ነው። ሲሠራው ግን ለኩሽና ብሎ አልነበረም፤ ባሕር ድረስ ለምትሄድ ቤት ነበር።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አባዬ አናጢ ነበር፤ በአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ስሙ የተጠራ አናጢ። ያን ዓመት አንድ ቀን የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣና «እረፍት ወጣሁ» አለ። እረፍት ማለት ለኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው፣ ስለዚህ ጨፈርኩ። እናቴ ለምን አብራኝ እንዳልጨፈረች አልገባኝም። ጓዳ ገብታ ድስት ስታጥብ ቆየች፤ ድስቱ ንጹሕ ነበር።

መባረሩን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የአንድ ደንበኛ ቁም ሳጥን ላይ ማጠፊያ አዛብቶ መታ፤ በሳምንቱ ደግሞ መጋዙ ላይ ጣቱን ሊያጣ ሲል ሰው ጎትቶ አዳነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም አሉ። ዓይኑ እየሄደ ያለ አናጢ ምን ያድርገው?

ይህን ለኔ የነገረኝ ግን አልነበረም። ልጅ ናት፣ ምን ታደርገዋለች ተባለና ተደበቀኝ። እኔም ያየሁትን ሁሉ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። ደጃፍ ላይ አስቀምጦኝ «ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰውዬ ኮቱ ምን ዓይነት ነው?» ሲለኝ ጨዋታ መሰለኝ። ቡናማ ነው፣ አንድ ቁልፍ የለውም እለዋለሁ። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ስለሆንኩ ጨዋታውን እወደው ነበር። ጣውላ ሲዳብስ ዓይኑን የሚጨፍነው እንጨቱን ስለሚወደው ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን «ዓይኔ» እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ የትኛው ልጅ ነው ዓይኔ ሲባል የሚጠላ? እሱ ዓይኔ ባለኝ ቁጥር እማዬ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ቀናችብኝ ብዬ ደስ አለኝ። የልጅ ጭካኔ መቼም ወደር የለውም።

አንድ ማታ ራት ላይ ለእማዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለት ዓመት ካገኘሁ ይበቃኛል» ሲላት ሰማሁ። ለቤቷ መሥሪያ ሁለት ዓመት ይፈጃል ማለቱ መሰለኝና በጣም ተናደድኩ። ዓይንህ ሁለት ዓመት ይቆይሃል ያለው ሐኪም ነበር።

ቤቷ እንግዲህ የምላችሁ፣ መኪና ኋላ ላይ የምትጎተት ትንሽ ቤት ናት። አባዬ ፎቶዋን ያየው በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ነው፤ ፊቷ ክብ፣ ኋላዋ ሾል ያለ፣ በጎኗ የተኛች የውሃ ጠብታ ነው የምትመስለው። ውስጧ መኝታ ብቻ። የኋላ ክዳኗ ወደ ላይ ሲከፈት ደግሞ ካቢኔት ከነመሳቢያው፣ የምድጃ ቦታ፣ የሳህን መደርደሪያ፤ ቆመሽ ከደጅ የምታበስይባት ኩሽና። እማዬ ባሕር አይታ አታውቅም። ካሌንደር ላይ የነበረ የባሕር ሥዕል ቆርጣ ከአልጋዋ ራስጌ ለጥፋ ነበር። ባሕሩ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ለማደሪያ የሚከፈል የለንም፤ ስለዚህ ማደሪያችንን ጎትተን እንሄዳለን አለ አባዬ። እማዬ «ሰው ቤት ይሠራል፣ የኔ ባል የቀንድ አውጣ ቤት ይሠራል» እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር። ስታወራ ግን ፊቷ ይፈካል። እኔ ያየሁት መፍካቱን ብቻ ነው።

ብረቱን የበየደው የአባዬ ጓደኛ ነው፤ ሰፈሩ ጋሼ ብልጭታ ይለዋል። ጎማ ከአንድ ቦታ፣ ላሜራ ከሌላ ቦታ ለቃቅሞ ግቢያችን ውስጥ አቆማት። እጁ ፈጣን ነው እንጂ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የቤቷ አንዱ ጎን ከሌላው አይገጥምም ነበር። አባዬ ውስጧን በስስ ጣውላ ካለበሰው በኋላ እያንዳንዱን ስንዝር ለብቻው መለካት ግድ ሆነ። ጋሼ ብልጭታ በገዛ መኪናው ሊጎትተን ቃል ገብቷል።

ለካቢኔቱ የተመደበው እንጨት ቀልድ አልነበረም። አባዬን ሙያ ያስተማረው ሰው በሠርጉ ዓመት የሰጠው አራት ሰፋፊ ጣውላ አለ፤ ጣራው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ዘጠኝ ዓመት ደርቋል። ለእማዬ ብፌ ሊሠራላት ነበር። ሌላ ሥራ እየመጣ፣ ነገ ነገ እየተባለ ዘጠኝ ዓመት ሞላ። ሲያወርዳቸው በመዳፉ አቧራውን ጠረገና አስሸተተኝ። የተዘጋ መጽሐፍ ሲከፈት የሚመጣ ዓይነት ሽታ ነበራቸው። እንዲህ ያለ እንጨት ሁለተኛ እንደማይገኝ ነገረኝ።

ሜትር አንባቢ አደረገኝ። ቁጥር ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ኮራሁ። እማዬ በበሩ ስታልፍ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለችና ሳቀች። አባዬም ሳቀ፣ ይቺ ልጅ ከኔ የተሻለ ታያለች ብሎ መለሰላት። ሳቁ ሁለቱም ጋ ባንዴ ነው የቆመው።

የአባዬ ሜትር ጫፉ ላይ ያለችው ቆልማማ ብረት ከድሮ ጀምሮ ላልታ ነበር። እንደዚያ ያለ ሜትር ከጫፉ ሲለካ ይዋሻል። ስለዚህ አናጢዎች ከአሥር ይጀምራሉ፤ አሥር ቁጥር ያለበትን መስመር ግድግዳው ላይ ይይዙና በሌላው በኩል ከተነበበው ላይ አሥር ይቀንሳሉ። አባዬ አሥሩ ላይ በሞረድ ትንሽ ጥርስ አውጥቶለታል፤ በአውራ ጣት ጥፍሩ ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ በወዲያኛው ጫፍ ቁጥሩን አነባለሁ፣ እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «አሥር ሲቀነስ» ይላል። ወረቀት ላይ አይጽፍም። ድሮ የማይጽፈው ስለማያስፈልገው ነው፤ ያኔ ግን የጻፈውን ማንበብ ስለማይችል ነበር። አንድ ሕግ ነበረው፤ መለኪያ ዛሬ፣ መጋዝ ነገ።

የመኝታውን ጣውላ በዚህ መንገድ ለክተን እንደ ቆዳ ልክክ አለ። ጋሼ ብልጭታ መጥቶ በጣቱ ክፍተት ቢፈልግ አጣ። አባዬ የዚያን ቀን ጠረጴዛውን እየደበደበ ዘፈነ። እማዬ ራት ላይ ሁለቴ ጨመረችልን። ያ ቀን በሕይወቴ ከማስታውሳቸው ቀኖች ሁሉ ደህናው ነው።

የካቢኔቱን ልክ የወሰድነው ቅዳሜ ነው። ዓርብ ዕለት አስተማሪያችን መቀነስ አስተምራን፣ ሰሌዳ ላይ አውጥታኝ፣ ክፍሉ ሁሉ አጨብጭቦልኛል። ጭብጨባው ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሜትሩ ተዘረጋ። መቶ አርባ ሁለት ይላል። አባዬ ደክሞታል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሯል። እኔ ደግሞ መቀነስ እችላለሁ። መቶ ሠላሳ ሁለት አልኩት።

እሱን ላታልል አልነበረም። ሜትሩ ፊቱ ተዘርግቷል፤ አርባ ሁለቱን ያያል፣ እኔ እንደቀነስኩለትም ያውቃል ብዬ ነው። የሚያይ ሰው ነዋ የመሰለኝ። ማንም አያይም ብሎ አልነገረኝማ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። የሱ ከንፈር ሁሌም ይንቀሳቀሳል። ቁመቱን፣ ጥልቀቱን፣ የመሳቢያውን ቦታ፣ ሁሉንም እየቀነስኩ ነገርኩት። አንዱንም አልተሳሳትኩም፤ አስተማሪዬ ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሠራ። መላጊያው ሲሄድ የሚወጣው ቅርፊት ረጅምና ስስ ነበር፤ አንገቴ ላይ እጠመጥመዋለሁ። ጣውላና ጣውላውን ያለ ምስማር፣ ጥርስ በጥርስ እያጋጠመ በኮላ አሰረው። መጋጠሚያውን በምላሱ ጫፍ ሲነካ አይቼዋለሁ፤ ጣት የማያገኘውን ምላስ ያገኛል አለኝ። ሲጨርስ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ካቢኔቱን ከጎን እስከ ጎን አቀፈው። እንደዚያ እንዳቀፈው ትንሽ ቆየ። ግንባሩ ተቋጥሮ ነበር። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ለቀቀው። የደከመው መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት።

የተገጠመው ጠዋት ነው። ፀሐይ ግቢውን ሞልቶታል። የኋላ ክዳኗ ተከፍቶ ጋሼ ብልጭታ በአንድ በኩል፣ አባዬ በሌላው በኩል ያዙት፤ እማዬ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ቀስ በሉ ቀስ በሉ ትላለች። ካቢኔቱ ሰተት ብሎ ገባ። እኔ አጨበጨብኩ። ሰተት ብሎ መግባት እንዳልነበረበት የገባኝ የአባዬን ፊት ሳይ ነው። የሚገጥም ዕቃ ጥብቅ ብሎ፣ በመዳፍ መታ መታ ተደርጎ ነው የሚገባው። እጁን በካቢኔቱና በግድግዳው መሃል ሰደደ። መዳፉ በሙሉ ገባ።

ጋሼ ብልጭታ የራሱን ሜትር አወጣ። ግድግዳ ለግድግዳ መቶ ሠላሳ ሁለት፤ ካቢኔቱ መቶ ሃያ ሁለት። ቁመቱም እንደዚያው አጠረ። አባዬ እጁን ከክፍተቱ አወጣ።

«መቶ ሠላሳ ሁለት ብዬ አውቄዋለሁ» አለ። «ቀንሼ ጨርሼ፣ ሌሊት በጭንቅላቴ ስደግመው እንደገና ቀነስኩት። አሥሩን ሁለቴ ቀነስኩት።»

ሰማሁት። አሥር፣ ሁለቴ፣ ቀነስኩ፤ ሦስቱንም ቃል ሰማሁ። አባቴ እኔ ነኝ ካለ እሱ ነው። ደግሞ ጋሼ ብልጭታ ፊቴን አይቶ ጎንበስ አለና፣ እንጨት ሲበርደው እንዲህ ይሸመቀቃል፣ አታልቅሺ አለኝ። እኔም አመንኩት። ቅዝቃዜ የሚያሳጥረው እንጨት ሳስብ ስንት ዓመት ኖርኩ። አሥር ሳንቲሜትር የሚሸመቀቅ እንጨት በዓለም ላይ የለም።

ጋሼ ብልጭታ ክፍተቱን በስስ ጣውላ እንድፈነው፣ ማን ያየዋል አለ። አባዬ ፊቱን አዞረ። ያለ ካቢኔትም ባሕር ይኬዳል እኮ አለች እማዬ፤ ድስቱን በጉልበቴ ይዤው እሄዳለሁ አለች። ያኔ ክንዱን ያዘችው።

«አሥር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ የምትለው አንተ አይደለህም?» አለችው። «እስቲ ከልጅቷ ጋር እንደዚያን ቀን አድርጋችሁ እንደገና ለኩት። እኔ ቆሜ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?» ብሎ ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር። «ዓይኔ ሲሄድ ጭንቅላቴን ይዞት ሄደ። ይኼን ነው የምታዪው?»

ሜትሩን ወረወረው፤ ላሜራው ላይ ነጥሮ እግሬ ሥር ወደቀ። ዓይኔ ሲሄድ ያለው እኔን መሰለኝ። እኔ ደግሞ የትም አልሄድኩ፣ እዚያው ቆሜያለሁ። አለሁ አባዬ አልኩት። እማዬ ፊቷን በአዲሱ ቀሚሷ ሸፈነች።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያ አልነካም። አንድ አናጢ ዓይኑን ቢያጣ እጅ አለው፣ ልክ የሚይዝ ጭንቅላት አለው፤ ሁለቱን አምኖ ነበር እንጀራዬን እበላለሁ ያለው። ጭንቅላቴ ከዳኝ ብሎ አመነ፣ አለቀ። ቤቷ ግቢያችን ውስጥ አንድ ክረምት ዝናብ ጠጣች፤ ከዚያ ጋሼ ብልጭታ ወሰዳትና የዶሮ ማደሪያ ሆነች። ካቢኔቱን እማዬ ኩሽና አስገባችው። የባሕሩን ሥዕል ከራስጌዋ አንስታ የካቢኔቱ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጠፈችው። ሐኪሙ አልዋሸም፤ የአባዬ ዓይን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆየ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ እያየ ነበር፤ ግድግዳ። ባሕር ደርሰን ስንት ጊዜ በተመለስን ነበር።

እማዬ ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ፣ ባሕርም ሳታይ ሞተች። አባዬን እኔ ቤት አመጣሁት። ካቢኔቱንም፣ ሜትሩንም።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ለመኝታ ቤት መጋረጃ ልለካ የስምንት ዓመት ልጄን ጠራኋት። ሜትሩን ከአሥር ያዝኩ፤ ሌላ አያያዝ አላውቅም። ልጄ ቁጥሩን አየችና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «ቀንሼ ልንገርሽ?» አለችኝ። ሳላስበው ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ አንቺ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፣ መቀነሱ የኔ ሥራ ነው አልኳት። ይህን ነበር አባዬ ለኔ ያላለኝ። ማለት እንዳለበትም አላወቀም፤ መቀነስ መቻሌን ማን ነግሮት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ እማ አመመሽ እያለች ስትዞረኝ ግራ ገብቷት አለቀሰች።

አራት ዓመት ሆዴ ውስጥ ያዝኩት። አሁንም ይዤው በኖርኩ። ግን አባዬ ያን ነገር ቀልድ አድርጎታል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አሥር ሁለቴ የሚቀንስ አናጢ ታውቃላችሁ?» ይላል። ሰው ይስቃል። ባለፈው እሑድ ለልጄ ነገራት፤ እሷም ሳቀች። እኔ አልቻልኩም። ልጄን ወደ ደጅ አስወጣኋትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አሥሩን ሁለቴ የቀነስከው አንተ አይደለህም» አልኩት። «አንዱን የቀነስኩት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ዓርቡን፣ ጭብጨባውን፣ መቶ አርባ ሁለቱን። ስነግረው የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ ይለኛል፣ ራሴን ይዳብሰኛል ብዬ ነበር። ሰው ሲናዘዝ ለካ የሚያስበው ለራሱ ነው። አላለኝም። ተነሣና ግድግዳውን እየዳበሰ ካቢኔቱ ጋ ሄደ። ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ከጎን እስከ ጎን አቀፈው፣ እንደዚያን ጊዜው።

«ጠቦኝ ነበር» አለ። «እንዲህ ይዤው ጠቦኝ ነበር። ክንዴ ነግሮኛል። ክንዴን ትቼ ያንቺን ዓይን አመንኩ።»

ቀጥሎ የተናገረው ለኔ አልነበረም። «ደህና ነበርኩ ማለት ነው» አለ።

ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ጭንቅላቴ ሲከዳኝ በጊዜ አቆምኩ ብሎ ነው። የቀረችውን ያቺን አንዲት መጽናኛ እኔ ከእጁ ነጠቅኋት።

ሜትሩን አምጪው አለኝ። አመጣሁት። ፊቱን ወደኔ አዙሮ ሁለት እጆቹን አየር ላይ ዘረጋ፤ መዳፍና መዳፉ ትይዩ፣ መሃሉ ባዶ። የቤቷ ግድግዳ ለግድግዳ ይኼ ነበር፣ ለኪው አለኝ። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

የአሥሩን ጥርስ በጥፍሬ ፈልጌ ግራ መዳፉ ላይ ያዝኩ፣ ወደ ቀኙ ዘረጋሁ። ቁጥሩን ሳየው ልዋሽ አሰብኩ። አሥር ባጎድል፣ አሥር ብጨምር፣ አይ እጄም ሄዷል ብሎ ይተወው ነበር። አንዴ በቁጥር ያደረግኩት ይበቃል።

«መቶ አርባ ሁለት» አልኩት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እጆቹን አላወረደም። ያን ባዶ እንደያዘ በቀስታ ተናገረ።

«እናትሽ እንደገና ለኩት ብላኝ ነበር።»